ደረቁን ጥቅል አትንኩት፦ ከደሴ ወደ ብርድና ዝናብ ለሚወጣ ሰው የጓዝ አሸካከፍ

ከደሴ በላይ ባለው ጦሳ ተራራ ላይ ያየሁትን ነገር ዛሬም ሳስበው ይበርደኛል። ሐምሌ ነው። ሦስት ሆነን በጠዋት ከደሴ ስንነሳ ሰማዩ ጥርት ብሎ ነበር። የለበስነው ጂንስ ሱሪ፣ ቲሸርት፣ ከላይ ጋቢ። አለቀ። ስምንት ሰዓት ገደማ ጉሙ ወረደብን። ዝናብ ተከተለ። ከዝናቡ ጋር በረዶ። ጋቢው ውሃ ጠጥቶ እንደ ሊጥ ትከሻዬ ላይ ተለጠፈ። ከመሃላችን አንዱ ምላሱ እየተሳሰረ እንደ ሰከረ ሰው ማውራት ጀመረ። የሚቀልድ መስሎን ሳቅን።

ያልሳቁት የተጠለልንበት ጎጆ ባለቤት፣ አንድ አዛውንት ናቸው። «ኧረ እናንተ ልጆች፣ ይሄን ልጅ ብርድ ገብቶታል» አሉ። እርጥቡን አስወልቀው በባና ጠቀለሉት። ከዚያ ወደ እኛ ዞረው «ደረቅ ልብስ የያዘ የለም?» ሲሉ ተያየን። ሦስት ቦርሳ ልብስ ነበረን። አንድም ደረቅ ክር የለንም።

ልጁ ደህና ሆነ። እኔ ግን ከዚያ ወዲህ ጓዝ ስሸክፍ ከሁሉ አስቀድሜ የምጠይቀው አንድ ነገር ነው፦ ስቆም የምለብሰው ደረቅ ነገር አለኝ ወይ? ሰው እየተራመደ ብዙም አይበርደውም። ብርዱ የሚመጣው ሲቆም፣ ላቡ ሲቀዘቅዝ፣ ጀምበር ስትጠልቅ ነው። ከዚህ በታች ያለው ለጦሳ የቀን ጉዞም ይሠራል፤ ለመስከረም 21 ግሸን ማርያም ለሚሄድም፣ ለመውሊድ ጀማ ንጉሥ ለሚወጣም፣ ድንኳን ይዞ ቦረና ሳይንት ጭላዳና ቀይ ቀበሮ ለማየት ለሚሄድም።

መጀመሪያ ከፍታውን፣ ከዚያ ወሩን

ኮምቦልቻ ከባሕር ጠለል በላይ 1,850 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ደሴ 2,500 አካባቢ። መሃላቸው 25 ኪሎ ሜትር ቢሆን ነው። ግን የሐረጎን ዳገት ስትወጡ ሰው መስኮት የሚዘጋበትን ቦታ በሚኒባስ የተመላለሰ ሁሉ ያውቀዋል። በአማካይ በየ1,000 ሜትሩ 6.5 ዲግሪ ያህል ይቀንሳል። በዚህ ሒሳብ በሁለቱ ከተሞች መሃል አራት ዲግሪ ገደማ ልዩነት አለ። ከደሴ ተነስታችሁ 3,500 ሜትር ላይ ካደራችሁ ሌላ ስድስት ተኩል ቀንሱ። ነፋሱንና እርጥበቱን ገና አልቆጠርኩም። ስለዚህ «ይሄ ጃኬት እኮ ደሴ ላይ ይበቃኛል» አይሠራም። ደጋው ጉጉፍቱ ላይ ያደረ ይመስክር።

ወሩም የራሱ ጠባይ አለው። ሐምሌና ነሐሴ ጠዋቱ አታሎ ያስወጣችሁና ከሰዓት በኋላ ይዘንብባችኋል። ከጥቅምት እስከ ጥር ቀኑ ፀሐይ ነው፤ ሌሊቱ ግን ውርጭ ይጥላል። ከዚያ በልግ አለ። ደቡብ ወሎ ላይ «በጋ ነው» ብሎ ያለ ዝናብ ልብስ የወጣ ስንቱ መጋቢት ላይ በስብሶ ተመልሷል። በግሸን ሰሞን ደግሞ ክረምቱ ወጣ ይባላል እንጂ ዝናቡ መውጣቱን አልሰማም። መውሊድ ጨረቃን ስለሚከተል በየዓመቱ 11 ቀን ያህል እየቀደመ ይመጣል፤ «አምና እንዲህ ነበር» እያላችሁ አትሸክፉ።

የስልክ ትንበያ እዩ፤ ለከተማው የተነገረውን ግን ለተራራው አትውሰዱ። እዚያ ለሚኖር ሰው ደውሉና ሦስት ነገር ጠይቁ። ሌሊት ውርጭ አለ? ወንዙ ሞልቷል? መንገዱ ሰላም ነው? የሦስተኛው መልስ ካላማራችሁ የቀረውን ማንበብ አያስፈልግም። ቤታችሁ ቡና አፍሉ።

ደረቁን ጥቅል ከሁሉ በፊት እሰሩ

ሰው ሲሸክፍ ስንቁን፣ ስፒከሩን፣ ጫማውን ከትቶ ሹራቡን መጨረሻ ላይ ከላይ ይደፋዋል። ገልብጡት። ቀድሞ የሚታሰረው የማታው ልብስ ነው። ሌላው በተረፈው ቦታ ይግባ።

ጥቅሉ ውስጥ የሚገባው ይሄ ነው፦

- ገላ ላይ የሚለበስ ረጅም እጅጌ፣ ጥጥ ያልሆነ
- ስስ ቱታ ሱሪ
- ወፍራም የሱፍ ሹራብ ወይም ፍሊስ (ለስላሳው የፖሊስተር ሹራብ)
- ሁለት ጥንድ ካልሲ፤ አንዱ የሱፍ ቢሆን ጥሩ ነው
- ጆሮ የሚሸፍን ኮፍያና ጓንት
- የውስጥ ልብስ

ይሄን ሁሉ ወፍራም ላስቲክ ውስጥ ክተቱ። ተራ ፌስታል አይሆንም፤ አንዴ እሾህ ከነካው አለቀለት። ላዩ ላይ ተንበርክካችሁ አየሩን አስወጡ። አፉን ጠምዝዙት፣ የተጠመዘዘውን እጠፉት፣ ከዚያ በሲባጎ እሰሩት። ሳይጠመዘዝና ሳይታጠፍ ዝም ብሎ የታሰረ ላስቲክ ውሃ ያስገባል። በሁለተኛ ላስቲክ ድገሙት። ሁለተኛው ዋጋው ምንም ነው፤ ጦሳ ላይ ግን የሦስት ሰው ሹራብ ያተርፍ ነበር።

አሁን ከባዱ ሕግ። ይሄ ጥቅል የሚፈታው የምታድሩበት ደርሳችሁ ስትቆሙ ብቻ ነው። መንገድ ላይ ዝናብ መታኝ ተብሎ አይፈታም። ጠዋት ደግሞ የማታውን አውልቃችሁ መልሳችሁ ታስሩታላችሁ፤ የትናንቱን እርጥብ ትለብሳላችሁ። አዎ፣ እርጥብ ካልሲ እንደማጥለቅ የሚያስጠላ ነገር የለም። ግን አብሽሩ፣ የሩብ ሰዓት ነገር ነው፤ ስትራመዱ ይሞቃል። ደረቁን ለብሳችሁ ከወጣችሁ ግን ማታ ሁለቱም እርጥብ ነው። ያኔ መላ የለም።

ከዚህ ሕግ ነፃ የሚወጣው ብርድ የገባበት ሰው ብቻ ነው። እሱ ጋ እንመለሳለን።

የመንገድ ልብስ

ጋቢን መንካት አገር መንካት መሆኑን አውቃለሁ። ቤት ውስጥ፣ መኪና ውስጥ፣ እሳት ዳር እኔም ያለ ጋቢ አልቀመጥም። ተሸክሞ ለሚወጣ ሰው ግን ጥጥ ጠላት ነው። ልብስ የሚያሞቀን በክሮቹ መሃል በሚይዘው አየር ነው። ጥጥ ሲርስ ያ አየር ወጥቶ ውሃ ይተካበታል፤ ለመድረቅም ቀን ይፈልጋል። ጂንስም ያው ጥጥ ነው፤ በዚያ ላይ ይከብዳል፣ ጉልበት ይይዛል። ሱፍ ግን ርሶም ጥቂት ሙቀት ያቆያል። የደጋ ሰው በርኖስ የሚደርበው፣ ባናና ዝተት የሚያሠራው ለጌጥ አይደለም። እኛ ከተሜዎቹ ነን የረሳነው።

ገንዘብ አያስጨንቃችሁ። ሳልቫጅ ተራ ሂዱና ሰው ያላነሳውን ፖሊስተርና ፍሊስ ፈልጉ። ቀላል መሆን አለበት፤ ታጥቦ ሲጨመቅ ውሃውን ቶሎ መልቀቅ አለበት። አንድ ወፍራም ካፖርት ከመግዛት ሦስት ስስ ልብስ ደራርቡ። አንዱ ገላ ላይ፣ አንዱ ለሙቀት፣ አንዱ ለነፋስና ለዝናብ።

አለባበሱም ዘዴ አለው። ስትነሱ ትንሽ ብርድ ብርድ ሊላችሁ ይገባል። ሞቋችሁ ከተነሳችሁ ዳገቱ መሃል በላብ ትጠመቃላችሁ፤ ላብ ደግሞ ከውስጥ የመጣ ዝናብ ነው። ዳገት ከመጀመራችሁ በፊት አንዱን አውልቁ። ቆማችሁ ስታርፉ ቶሎ ደርቡ፣ እስኪበርዳችሁ አትጠብቁ።

ፖሊስተር አንድ ክፉ ጠባይ አለው። እሳት አይወድም። ፍንጣሪ ሲያርፍበት ቀልጦ ገላ ላይ ይጣበቃል። እሳት ዳር ስትቀመጡ ከላይ ባና ጣል አድርጉ።

ዝናቡን መከለል

ከሁሉ ርካሹና አስተማማኙ ወፍራም የላስቲክ ወይም የሸራ ቁራጭ ነው፤ ሁለት ሜትር በሦስት ሜትር ቢሆን። ስትጓዙ ከነቦርሳችሁ ትከናነቡታላችሁ፤ ስትቆሙ በገመድ ወጥራችሁ ትጠለሉበታላችሁ። የዝናብ ጃኬት ካላችሁ እሰየው፤ ግን ከመውጣታችሁ በፊት ሻወር ሥር ፈትኑት። «ውሃ አያስገባም» ተብሎ የተሸጠ ሁሉ አይደለም። የእረኞቹ ገሳ ለእረኛ ወደር የለውም፤ ለመንገደኛ ግን ይከብዳል።

ጃንጥላ? ለፒያሳ ጥሩ ነው። ተራራ ላይ ነፋሱ ይገለብጠዋል። ጫፍ ላይ ቆሞ ብረት ዘርግቶ መታየትም ከመብረቅ ጋር መቀለድ ነው። ብልጭታውን ካያችሁ በኋላ ቁጠሩ፤ ድምፁ በሦስት ሴኮንድ አንድ ኪሎ ሜትር ያህል ይጓዛል። 30 ሳትቆጥሩ ነጎድጓዱ ከተሰማ መብረቁ ቀርቧል ማለት ነው። ከሸንተረሩ ውረዱ፤ ለብቻው ከቆመ ዛፍ ራቁ። የመጨረሻውን ነጎድጓድ ከሰማችሁ በኋላም 30 ደቂቃ ቆዩ።

እግር

አዲስ ጫማ አድርጋችሁ አትውጡ። ቢያንስ ሁለት ሳምንት ከተማ ውስጥ ይለመድ። ቦቲ ጫማ ለአጭር ጭቃ ጥሩ ነው፤ ለረጅም መንገድ ግን እግር ውስጡ ያልበዋል፣ ይላላጣል። ጥርስ ያለው፣ ቁርጭምጭሚት የሚይዝ ጫማ ምረጡ። የእግር ጥፍራችሁን ከመነሳታችሁ ሁለት ቀን በፊት ቁረጡ፤ ቁልቁለት ላይ ምክንያቱ ይገባችኋል። የሚፋተገውን ቦታ ቫዝሊን ቀቡት።

አንድ የምወደው ነገር ላካፍላችሁ፦ ኮንጎ ጫማ። አትሳቁ። ቀላል ነው፣ ውሃ አይጠጣም፣ ጠረግ ሲደረግ ይደርቃል። ወንዝ ስትሻገሩበት ዋናው ጫማችሁ ደረቅ ይቀራል። ማታ ድንኳን ዳር ታደርጉታላችሁ። የረሰው ጫማ ውስጥ ያረጀ ጋዜጣ ጠቅጥቁ፤ እስኪነጋ ብዙውን ውሃ ይመጥጣል። እሳት ላይ አትስቀሉት፣ ማስቲሹ ይለቃል።

ወንዙ ከጉልበት በላይ ከሆነ ወይም ደፍርሶ ቅርንጫፍ ይዞ ከመጣ አይሻገሩትም። ቦርከና ወንዝ ዳር ላደገ ሰው፣ ከላይ የዘነበው ዝናብ ታች በምን ፍጥነት እንደሚደርስ አይነገረውም።

መኝታ

ሰው ከላይ የሚለብሰውን ይቆጥራል። ሌሊት ግን ሙቀቱን በይበልጥ የሚነጥቀው መሬቱ ነው። ሁለት ብርድ ልብስ ካላችሁ አንዱን ከሥር አንጥፉ። ስስ ስፖንጅ ተጠቅልሎ ከቦርሳ ውጭ በላስቲክ ቢታሰር ክብደት የለውም። እሱም ከሌለ ባዶ ማዳበሪያ ያዙ። እዚያ ስትደርሱ ከገበሬው ጭድ ለምናችሁ ወይ ገዝታችሁ ሙሉት። ከእኔ ስፖንጅ የተሻለ ነው፤ ሞክሬዋለሁ።

ስሊፒንግ ባግ ካላችሁ ልክ እንደ ደረቁ ጥቅል በሁለት ላስቲክ ይታሰር። ሙቅ ውሃ በብረት ጠርሙስ ሞልታችሁ፣ ካልሲ አልብሳችሁ እግራችሁ ሥር ብታደርጉ እንቅልፉ ሌላ ነው። በሃይላንድ ግን አትሞክሩ፤ ሙቅ ውሃ ሲገባበት ይኮማተራል፣ አፉም ያፈሳል።

ከሰል ድንኳን ውስጥ ፈጽሞ አይገባም። «ፍም ሆኗል፣ አይጨስም» አይባልም። የሚገድለው የማይታየው ጋዝ ነው። በዝግ ቤትም ያው ነው።

ስንቅ

እዚህ ላይ ወሎ ታድሏል። በሶ ያለ እሳት የሚበላ ምግብ ነው፤ ውሃና ጨው ይበቃዋል፣ ማር ከተጨመረበትማ ሌላ ነገር። ጭኮ በትንሹ ብዙ ኃይል ይሰጣል፤ ብርድ ላይ ቅቤ የሚያሞቀውን ያህል የሚያሞቅ የለም። የጾም ቀን ከሆነ በዘይት ይሠራ። ቆሎና ዳቦ ቆሎ ኪስ ውስጥ ይሁኑ፤ ቦርሳ ሳይፈታ እየቆረጠሙ መሄድ ይቻላል። ቴምር፣ ለውዝ፣ ስኳር ጨምሩ። እንጀራና ወጥ የመጀመሪያው ቀን ምሳ ይሁን፤ ሁለተኛው ቀን ላይ አይደርስም።

ለእያንዳንዱ ሰው አንድ ቀን ተጨማሪ ስንቅ ያዙ። ጉም ከዘጋ ወይ ወንዝ ከሞላ የምትመለሱት ባሰባችሁት ቀን አይደለም።

ክብሪት ሁለት ቦታ ይሁን፤ አንዱ በላስቲክ ተጠቅልሎ ደረቁ ጥቅል ውስጥ፣ ሌላው ኪስ ውስጥ ከላይተር ጋር። እዚያ በክረምት ደረቅ ማገዶ ስለማይገኝ ጥቂት ፍልጥና ጭራሮ ከቤት ያዙ። ፔርሙስ ካለ ጠዋት በስኳር ሻይ ሞልታችሁ ውጡ። ጦሳ ላይ አንድ ፔርሙስ ሻይ ብዙ ነገር በለወጠ ነበር።

ውሃ

ለአንድ ሰው ለቀን ጉዞ ሁለት ሊትር መነሻ ነው። ብርድ ሲሆን ጥማት አይሰማም፤ ሳይጠማችሁ ጠጡ። የምንጭ ውሃ ጠርቶ ስለታየ ንጹሕ አይደለም፤ ከላይ ከብት ይውላል። ከፍታ ላይ ውሃ ቶሎ ይፈላል፦ ደሴ ላይ በ92 ዲግሪ ገደማ ነው የሚፈላው። ስለዚህ መንተክተክ ከጀመረ በኋላ ሦስት ደቂቃ ይቆይ። ውሃ አጋር (የውሃ ማከሚያው) ከያዛችሁ መጠኑ ጠርሙሱ ላይ እንደተጻፈው ሆኖ 30 ደቂቃ ጠብቁ። የደፈረሰውን መጀመሪያ በነጠላ አጥልሉት። ይኸውላችሁ፣ ጥጥም ሥራ አገኘ።

ትንሿ ከረጢት

ቦርሳው ላይኛ ኪስ የምትገባ፣ በጨለማ እጃችሁ የሚያውቃት መሆን አለባት። ፋሻ፣ ፕላስተር፣ የቁስል ማጽጃ፣ የሕመም ማስታገሻ፣ ኦአርኤስ (ከሰውነት የወጣ ውሃና ጨው የሚተካው ዱቄት)፣ የየግላችሁ መድኃኒት። የግንባር ባትሪና ትርፍ ድንጋይ። ፊሽካ፤ ጉም ውስጥ ከጩኸት ይልቅ ፊሽካ ይሰማል። ቢላ፣ ሲባጎ፣ መርፌና ክር። መታወቂያና ገንዘብ በላስቲክ።

የስልክ ባትሪ በብርድ ቶሎ ይወድቃል። ገላችሁ አጠገብ ያዙት፣ ሌሊት አብሯችሁ ይደር። ኔትወርክ በሌለበት ሲፈልግ ስለሚጨርስ አውሮፕላን ሞድ ላይ አድርጉት። ፓወር ባንኩም ከደረቁ ጋር ይሁን።

አከታተትና ፈተና

ከሥር መኝታው፣ መሃል ላይ ወደ ጀርባ ተጠግቶ ከባዱ ነገር፣ ማለትም ስንቅና ውሃ። ደረቁ ጥቅል ከላዩ። የዝናቡ ሸራ ከሁሉ በላይ፤ ዝናብ ሲጀምር ቦርሳ መፈታት የለበትም። ጠቅላላ ክብደቱ ከሰውነታችሁ ክብደት አንድ አምስተኛ ባያልፍ ጥሩ ነው፤ 60 ኪሎ የሆነ ሰው 12 ኪሎ። አንድ ሊትር ውሃ አንድ ኪሎ መሆኑን አትርሱ። ሲበልጥ የሚወጣው ስፒከሩ እንጂ ሹራቡ አይደለም። (ስፒከር ላይ ቂም እንዳለኝ ገብቷችኋል። ጭላዳም የራሱ ዜማ አለው።)

ከዚያ ሁሉም ሰው የሚዘለው ነገር። ከመውጣታችሁ ሦስት አራት ቀን በፊት የተሸከፈውን ቦርሳ ግቢ ውስጥ አስቀምጡና አንድ ባልዲ ውሃ ድፉበት። ሩብ ሰዓት ቆይታችሁ ፍቱት። ደረቁ ጥቅል ውስጥ ጠብታ ካለ፣ ቤታችሁ ደጃፍ ላይ ያወቃችሁት ይሻላል። ጎረቤት «ምን ነካቸው?» ይላል። ይበል።

ወደ ቆላ ከሆነ

ከኮምቦልቻ ወደ ባቲ፣ ከዚያም ወደ አፋር ለሚወርድ ሒሳቡ ይገለበጣል። ውሃው ወደ አራት ሊትርና ከዚያ በላይ ይወጣል። ኦአርኤስ ይጨመራል። ሰፊ ባርኔጣ፣ ረጅም እጅጌ ያለው ስስ ነጭ ልብስ፤ እዚህ ጥጥ ንጉሥ ነው። ጉዞው በማለዳና ከአሥር ሰዓት በኋላ ይሁን። ከ2,000 ሜትር በታች የወባ አገር ስለሆነ አጎበር ያዙ። ደረቁ ጥቅል ግን እዚህም አይቀርም፤ ስትመለሱ ሐረጎ ይጠብቃችኋል።

ብርድ የገባበትን ሰው እንዴት ታውቃላችሁ?

መጀመሪያ ይንዘፈዘፋል። ቀጥሎ እጁ አልታዘዝ ይላል፤ ዚፕ መዝጋት ያቅተዋል። ይሰናከላል፣ ንግግሩ ይጎተታል፣ ዝም ይላል፣ «ተዉኝ ልቀመጥ» ይላል። መንዘፍዘፉ ቆሞ ሰውየው እየፈዘዘ ከሄደ ተሻለው አትበሉ፤ ባሰበት ማለት ነው።

ያኔ ሕጉን ጥሳችሁ ደረቁን ጥቅል ፍቱ። ከነፋስ ከልሉት። እርጥቡን ሁሉ አውልቃችሁ ደረቁን አልብሱት። ከሥሩ አንጥፉ፣ ከላይ ሸፍኑት፣ ራሱን አትርሱ። አጠገቡ ተጠግታችሁ ተኙ። ራሱን የሚያውቅና መዋጥ የሚችል ከሆነ ሙቅ ሻይ በብዙ ስኳር ስጡት። እጅ እግሩን አትሹት፣ ፍም ላይም አታስጠጉት። አረቄ ያሞቃል የሚል አይጠፋም። አረቄ የቆዳን የደም ሥር ከፍቶ ከውስጥ ያለውን ሙቀት ያስወጣል፤ ሙቀት የመሰለው ሲወጣ ነው። ከፈዘዘ ጊዜ አታጥፉ፤ በሸክምም ቢሆን ቀስ ብላችሁ አውርዱት፣ ሐኪም ጋ አድርሱት።

ስትመለሱ

በዚያው ቀን ሁሉንም ፍቱ። እርጥብ ድንኳን ሁለት ቀን ታስሮ ካደረ ይሻግታል፣ ሽታውም አይለቅም። ችግሩ፣ ነሐሴ ላይ ደሴ ልብስ አይደርቅም። እኔ እርጥቡን ኮምቦልቻ እህቴ ጋ እልከዋለሁ። እዚያ ፀሐይ ካለ በአንድ ቀን ደርቆ፣ ታጥፎ፣ «ሁለተኛ እንዳትልክ» ከሚል መልእክት ጋር ይመለሳል። በሁለት ላስቲክ እሰሩልኝ እያልኩም፣ ባለፈው ሚኒባሱ ጣሪያ ላይ እንዲሁ ጭነውት ሐረጎ ላይ በሰበሰ።